ካርቶኑ የተጣለ ስጦታ

ዐብዲፈታሕ በሐጂ መሐሙድ ቤት ደጅ ሲጠና ሁለት ዓመት ኖሯል። ሽማግሌ ቢልክ አሳፍረው መልሰውበታል፤ አንድ ቀን ራሱ ቢሄድ ደግሞ በሩን በፊቱ ላይ ዘግተውበታል። ዛሬ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ያ በር ወለል ብሎ ተከፍቶለታል። አማቱ እጁን ይዘው አስገብተው፣ ከራሳቸው ፍራሽ አጠገብ አስቀምጠው፣ ትራሱን እንኳ በገዛ እጃቸው አስተካክለውለታል። ሰው የለመነውን ሲያገኝ ደስ ይለዋል ይባላል። እሱ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

የመጋላ ሰፈር ሽማግሌዎች የተሰበሰቡት ለዱዓ ነው። ሐጂ መሐሙድ የዛሬ ዘጠኝ ወር፣ ልጃቸው ሙኒያ ከዐብዲፈታሕ ጋር ኒካህ ባሰረችበት ዕለት፣ ያወረዱባትን እርግማን ዛሬ በሰው ፊት ሊያነሱላት ነው። ሶማሌዎች ሐባር ይሉታል፤ ወላጅ በልጁ ላይ የሚጥለው፣ አንዴ ከአፍ ከወጣ የማይመለስ ቃል ነው። ሙኒያ አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በሆዷ ያለው ልጅ ደህና አለመሆኑ ከታወቀ አንድ ወር ሊሞላው ነው። ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የአባት እርግማን ነው። አባትየው ይህንኑ ያምናሉ፣ እሷም ታምናለች። እንዳልሆነ የሚያውቅ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም አቀርቅሮ የምንጣፉን ጥለት ይቆጥራል።

*

ነገሩ የጀመረው በዓይን ነው። ዐብዲፈታሕ ከጅቡቲ ድሬዳዋ አይሱዙ ይነዳል፤ የሐጂ መሐሙድን ሱቅ ጨርቅም የሚያመጣው እሱ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሱቁን ከአባቷ ጋር የምትይዘው ትልቋ ልጅ ሙኒያ ናት። ሁልጊዜ እስከ ዓይኗ ድረስ ተሸፋፍና ነው የምትቀበለው። ጥቅሉን ትቆጥራለች፣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ መልሳ ታቀረቅራለች። እሱም የሴትዮዋ ዲን እንዴት የጠበቀ ነው እያለ በልቡ ያደንቃል። ዓይኗን ብቻ አይቶ ስምንት ወር ወደዳት ቢባል ማን ያምናል? እሱ ግን ወደዳት።

አንድ ከሰዓት ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ የተነሳ አቧራ መጋላን ሲያምሰው መሸፈኛዋን ገለበጠው። ፊቷ ከግንባር እስከ አገጭ በብጉር ተወርሶ ነበር። ሙኒያ እንደ ተሰረቀ ሰው ጮሃ ወደ ዕቃ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ለአርባ ቀን ጥቅል የሚረከበው ሌላ ሰው ሆነ። እሱ፣ ሾፌር ፊቷን ስላየባት ንቃኝ ነው አለ። እሷ፣ አስጠልቼው ነው አለች። ሁለቱም በየቤታቸው ሲንገበገቡ ከረሙ። በመጨረሻ ጨርቅ የሚጠቀለልበትን ባዶ ቱቦ ሊመልስ ሲጭን ከውስጡ አንዲት ወረቀት ወደቀች። «አይተኸኛል። ከእንግዲህ በዚህ በኩል ባታልፍ አልቀየምህም» ትላለች። እሱም በሚቀጥለው ጭነት፣ በዚያው ቱቦ ውስጥ መለሰላት። «ያየሁት ዓይንሽን ነው። ሌላውን እንዳላይ መች ጊዜ ሰጠሽኝ» ይላል።

ደብዳቤው በቱቦ እየገባ በቱቦ እየወጣ ዓመት አለፈ። ሐጂ መሐሙድ ጨርቃቸውን እየተረከቡ ልጃቸውን እንደሚያስረክቡ አላወቁም። ባወቁ ጊዜ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ልጃቸውን ለሐረር ነጋዴ ዘመዳቸው ነበር ያሰቧት፤ ከፊናንስ ፖሊስ ጋር ድብብቆሽ ለሚጫወት ሾፌር አልነበረም። ሙኒያ ግን ከዚህ ሰው በቀር አላገባም ብላ ክችች አለች። ቃዲው ገብተውበት፣ አባት በግዳቸው ወኪል ልከው ኒካሁ ታሰረ። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ታዲያ ሐጂ መሐሙድ በሩ ላይ ቆመው፣ «እኔን እንዳቃጠልሽኝ የምትወልጂው ያቃጥልሽ» አሏት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እርግማኑን ሰፈሩ ሰምቷል። የሰፈሩ ሰው ያልሰማው ሌላ ነገር ነበር።

ኒካሁ ሳይታሰር ሦስት ወር አስቀድሞ ሙኒያ ፎቶ የለም፣ ድግስ የለም፣ በዚህ ፊት ሙሽራ አልባልም ብላ አልቅሳ ነበር። የቀሲል ቅጠሉን ዱቄት ለጥፋለች፣ እርዱን ለጥፋለች፣ የታይዋን ገበያ ቅባት ሁሉ ሞክራ ፊቷ ይብሱን ተቆጥቷል። ዐብዲፈታሕ ለቅሶዋን መቋቋም አቃተውና ጅቡቲ ላይ ደላላ ጠየቀ። ደላላው፣ ብጉርን ከሥሩ የሚነቅል እንክብል አለ፣ የሀብታም ልጆች የሚውጡት ነው ብሎ አመጣለት። ዋጋው አይጣል ነው። እሱ ግን ለሙኒያ ሲሆን አልሰሰተም።

በዚያ መንገድ ላይ መድኃኒት የሚጭን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። የኮንትሮባንድ መድኃኒት ከነካርቶኑ አይጓዝም። ካርቶን ቦታ ይይዛል፣ ኬላ ላይም ያጋልጣል። «ካርቶን አየር ነው፤ አየር የሚጭን ጅል ነው» ይላሉ ሾፌሮቹ። ስለዚህ ከመነሳታቸው በፊት ተቀምጠው ካርቶኑን ይቀድዳሉ፣ ውስጡ ያለውን መመሪያ ወረቀት ይጥላሉ፣ እንክብሉ የታሸገባቸውን ስትሪፖች ብቻ በላስቲክ አስረው በጨርቅ ቱቦ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። ዐብዲፈታሕም እንደዚያው አደረገ። በያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ሥዕል ነበር፤ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። አላየውም ማለት አይቻልም፣ በገዛ እጁ ነው የቀደደው። ግን ዓይን ያየውን ሁሉ ልብ አይቀበለውም።

እንክብሉ ሠራ። መጀመሪያ ከንፈሯ ደርቆ እየተሰነጠቀ ደማ፤ ቫዝሊን ስትቀባ ትውላለች። በሦስተኛው ወር ግን ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት ጠራ። የኒካሁ ዕለት ሴቶቹ እልል ያሉት ለኒካሁ ይሁን ለፊቷ አልታወቀም። ብጉሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ብላ ካገባች በኋላም መዋጧን ቀጠለች። በሁለተኛው ወር አረገዘች፤ ማርገዟን ያወቀችው ደግሞ ዘግይታ ነው። እንክብሉን የተወችው ምግብ ሁሉ ሲያቅራት ጊዜ ሆዴን ይብስብኛል ብላ ነው እንጂ ሌላ አስባ አልነበረም።

*

በስድስተኛው ወር ሐኪም ቤት አብረው ሄዱ። ዶክተር ዓብዩ የሚባሉት ሐኪም በአልትራሳውንዱ ላይ ብዙ ቆዩ። ሙኒያ መጀመሪያ ሳቂታ ነበረች፤ የሐኪሙ ዝምታ ሲረዝም የባሏን እጅ ፈልጋ ያዘች። የልጁ ጭንቅላት ውስጥ ውኃ ተጠራቅሟል አሏቸው፣ የልቡም አፈጣጠር ትክክል አይደለም፣ ጆሮዎቹም እንደሚጠበቀው አይታዩም። አዲስ አበባ ሄዳ የሕፃናት የልብ ሐኪም ባለበት መውለድ አለባት፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ከአሁኑ መናገር አይቻልም።

ከዚያ ሐኪሙ እርግዝናው ሲጀምር የወሰደችው መድኃኒት እንዳለ ጠየቋት። ሙኒያ ምንም አልወሰድኩም አለች። ባሏም ራሱን ነቅንቆ አረጋገጠላት።

አልዋሹም። መድኃኒት ማለት ለእነሱ ለወባ፣ ለታይፎይድ፣ ለራስ ምታት የሚዋጥ ነው። ያ እንክብል ከሂናውና ከሽቶው ጋር በሙሽራ ሻንጣ ውስጥ የገባ ነገር ነበር። ሐኪሙ ለቆንጆ ፊት የዋጥሽው ነገር አለ ወይ ብለው ቢጠይቋት ኖሮ ወዲያው ትነግራቸው ነበር። እሳቸውም አልጠየቁ፣ እሷም አልነገረች።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ ባጃጁ ውስጥ ሙኒያ አንዲት ቃል ተናገረች። «አባዬ ነው» አለች።

በዚያው ሳምንት ዐብዲፈታሕ ለሥራ ጅቡቲ ወረደ። የሙኒያ ታናሽ ኢልሃን ሠርጓ እየቀረበ ነበርና፣ ለእኔም እንደ እህቴ ፊቴን የሚያጠራልኝን አምጣልኝ ብላ ለምናዋለች። የዱሮው ደላላ ስለጠፋ አንድ ፋርማሲ ገባና የስትሪፑን ፎቶ ከስልኩ አሳየ። ዑግባድ የምትባል ጠና ያለች ሴት ነበረች የፋርማሲው ባለቤት። ፎቶውን አየችና በሶማሊኛ ለማን እንደሆነ ጠየቀችው። ለሴት አላት። ያገባች ናት ወይስ ልታገባ ነው አለችው። በወር ውስጥ የምታገባ ናት አላት። ያኔ ከመደርደሪያው ካርቶኑን አውርዳ መስታወቱ ላይ አኖረችለትና ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች።

ያለ ሐኪም ወረቀት አልሸጥልህም አለችው። ይህን እየዋጠች የምታረግዝ ሴት ልጇ በጭንቅላቱ፣ በልቡ፣ በጆሮው ሊጎዳ ይችላል። ሁሉም አይጎዳም፤ የትኛው እንደሚተርፍ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የምትወስድ ሴት አቁማ ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላት ማርገዝ የለባትም። ዐብዲፈታሕ ሰማ። ጭንቅላት፣ ልብ፣ ጆሮ። ሐኪሙ ያሉትን አንድ በአንድ ነበር የምትቆጥረው። ሳታውቅ ወስዳ ያረገዘችስ ብሎ ጠየቃት። ዑግባድ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለሐኪሟ ትንገረው» አለችው። «ዛሬውኑ።»

በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ሲለማመድ መጣ። መሪውን ይዞ ብቻውን ያወራል። ከደወሌ ኬላ እስከ ድሬዳዋ ድረስ አሥር ጊዜ ነገራት፣ አሥር ጊዜ ይቅር አለችው። ገንደ ቆሬ ከተከራዩት ቤት ሲደርስ ግን በሩ ላይ አንድ የሽማግሌ ጫማ አገኘ።

ሐጂ መሐሙድ ነበሩ። ያ ተራራ የሚያህል ሰው ኩርምት ብለው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የልጃቸውን ነገር ሰምተው ከመጋላ በእግራቸው ነው የመጡት። ሙኒያ ተደፍታ እግራቸውን ትስማለች፤ ማረኝ፣ ቃልህን ጥሼ ሄጄ በልጄ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ ትላለች። እሳቸው ደግሞ አንቺ አይደለሽም፣ ምላሴ ነው እያሉ ፂማቸው እስኪርስ ያለቅሳሉ። ዐብዲፈታሕ በሩ ላይ ቆመ። ሐጂ መሐሙድ ቀና ሲሉ አዩትና እጃቸውን ዘረጉለት። «ና ግባ፣ ልጄ» አሉት።

ሁለት ዓመት የለመናት ቃል ናት፤ ልጄ። በዚያች ቃል ውስጥ ገባና ተቀመጠ፣ የመጣበትንም ነገር ዋጠው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። ዝምታን ሆድ ውስጥ ሦስት ሳምንት አቆይተው አላዩም ይሆናል። ሁሉም አይጎዳም ብላ የለ፣ ይላል ለራሱ፤ ምናልባት ከእንክብሉ ላይሆን ይችላል። ብናገር ልጁን አያድነው፣ አባትና ልጅ በስንት መከራ የታረቁትን ልበጥብጥ? ደግሞ የሚመጣበትን ያውቃል። ሙኒያ ትጮህበታለች ብሎ አይደለም የፈራው። በዚያ ዓይኗ አይታው፣ መልሳ አቀርቅራ ዳግም ቀና እንዳትልለት ነው የፈራው። ለኢልሃን፣ አጣሁልሽ ብሎ ነግሯት ስለነበር በእሷ በኩል ልቡ አርፎ ነበር።

*

ዱዓው ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው አሚን፣ አሚን ይላሉ። ሙኒያ ከሴቶቹ ክፍል ተጠርታ መጣችና በአባቷ ፊት ተንበረከከች፤ ሆዷ ከብዷት ቁጭ ለማለት ሁለት ሴቶች ደገፏት። ፊቷ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ የላትም።

ሐጂ መሐሙድ እጃቸውን በራሷ ላይ ጫኑ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥር ዓመት አርጅተዋል። ሱቁን ዘግተዋል፣ እህል ሲሏቸው ውኃ ይላሉ። ያስከፋኝ ምንም የለም፣ ያልኩትን አንሥቻለሁ፣ ያ ረቢ አንተም አንሣላት አሉ። ሦስቴ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁ። ሥርዓቱ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እሳቸው ግን ድምፃቸው ተሰበረ።

«ሰዎች፣ መስክሩብኝ» አሉ። «የልጅ ልጄን በዚህ ምላሴ ነው ያበላሸሁት። ነገ አላህ ፊት ያ ሕፃን አንገቴን ይዞ ምን አድርጌህ ነበር ቢለኝ የምመልሰው የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ሙኒያ የአባቷን እጅ ይዛ በግንባሯ ነካችው። ዐብዲፈታሕ የሚያየው እጃቸውን ነበር። ያ እጅ ሕፃኑን አልጎዳም። ካርቶን የቀደደው እጅ በጉልበቱ ላይ ነው ያለው፣ የራሱ ነው፣ ማንም አያየውም።

ያን ጊዜ ኢልሃን ቴምርና ውኃ በትሪ ይዛ ገባች። ሠርጓ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ከሽማግሌዎቹ ጀምራ እየዞረች እሱ ዘንድ ስትደርስ ቀና ብሎ አያት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቫዝሊን ተቀብታበታለች፤ በግራ በኩል ደም ደርቆበታል።

ከንፈርሽን ምን ነካው አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ኢልሃን እንደ ምስጢር ጎንበስ ብላ ሹክ አለችው። እህቷ የተረፋትን ሰጥታት ነው፤ ሁለት ስትሪፕ ነበር፣ ከጀመረች አሥር ቀን ሆናት። ፊቴን አላየህም እንዴ፣ እየጠራ እኮ ነው አለችና ፈገግ ስትል ከንፈሯ አሟት ጨፍገግ አለች።

ዐብዲፈታሕ ተነሣ። ዱዓ ሳያልቅ መነሣት ነውር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩት። እሱ ግን ከዚያች ከንፈር ሌላ የሚያየው አልነበረም።

*

ሙኒያን በጓሮ በኩል አስጠራትና ጨርቅ የሚከመርበት ዕቃ ቤት ውስጥ ቆሙ። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ቀን በኋላ ፊቷ ላይ እፎይታ ይታያል። አባዬ አነሣልኝ አይደል አለችው። ያን እፎይታዋን በእጁ ሊያጠፋው መሆኑን እያወቀ በሩን ገፋ አደረገው።

«ኢልሃን እንክብሉን ታቁም» አላት። «ዛሬ ታቁም። ሳታቆም ብታገባ…»

«የቱን እንክብል?»

«ያንን ያመጣሁልሽን።»

ከዚያ ተናገረ። ስለ ፋርማሲዋ ሴት፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ጭንቅላቱና ስለ ልቡ፣ ስለ ጆሮው። ሁሉም እንደማይጎዳም አልደበቃትም፤ ግን የተባለው ሁሉ የእነሱ ልጅ ላይ መታየቱን ነገራት። ሙኒያ አላቋረጠችውም። መዳፏ ቀስ ብሎ ወደ ጉንጯ ሄደ፤ ነካችው፣ ከዚያም እሳት እንደነካው ሰው እጇን አወረደች።

«ካርቶን አልነበረውም» አለች።

«ነበረው። ቀድጄ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ከሳሎን የሽማግሌዎቹ አሚን ይሰማል።

«ብጉሬ ያስጠላህ ነበር?»

«ወላሂ አንድም ቀን።»

«ታዲያ ለምን አመጣህልኝ?»

«ስታለቅሺ አልቻልኩም።»

ሙኒያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልመታችውም። ብትመታው በቀለለው ነበር። ስልኳን አውጥታ በእሱ ፊት ዶክተር ዓብዩ ዘንድ ደወለችና የእንክብሉን ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደወሰደች፣ እህቷም መጀመሯን፣ ሁሉንም በዝርዝር ነገረቻቸው። ሐኪሙ ስትሪፑ ካለ ይዛ እንድትመጣ አሏት፤ ይህ ለልጁ የሆነውን አይመልሰውም፣ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ግን ምን ምን መፈለግ እንዳለባቸው ያውቃሉ፣ ማወቃቸውም ይጠቅማል። እህቷም ዛሬውኑ ታቁም አሉ፤ ሠርጓ ይሁን፣ እርግዝናውን ግን ወር እስኪያልፍ በሐኪም ምክር ታቆይ። ቀጥላ ኢልሃንን ጠራችና ከቦርሳዋ ሁለቱን ስትሪፕ አስወጥታ ተቀበለች። ለምን ስትላት፣ ኋላ እነግርሻለሁ አለቻት።

ወደ ባሏ ዞረች።

«ለአባዬ እኔ አልነግረውም» አለችው። «አንተ ጭነህበታል፣ አንተ አውርድለት።»

ገባና ነገራቸው። በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ቆሞ፣ ሁሉንም። ምላስዎ አይደለም አባ፣ እኔ ነኝ አላቸው። ሲጨርስ የሐጂ መሐሙድ ፊት ቀስ በቀስ ተፈታ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ከልባቸው ነበር። ወዲያው ግን ምን ብለው እንዳመሰገኑ ገባቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልጁ እንደታመመ ነው፣ የልጃቸውም ሆድ እንደከበደ ነው፣ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል። በዚያ ደስታቸው አፍረው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዐብዲፈታሕን ማንም ውጣ አላለውም። ማንም ተቀመጥም አላለውም። ጥቂት ቆሞ ወጣ።

ሙኒያ ዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ሊቀመጥ ፈለገና አልደፈረም። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ቅጠል የማይነቀንቅ ሙቀት ነው፤ ሁለቱም እንባቸውን ላብ አስመስለው ጠረጉ። ሙኒያ ጠየቀችው።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ትናንት ቢላት ማን ያውቅበታል? ዑግባድ ጅቡቲ ናት። ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰናድቶ መጥቶ ነበር። ግን ደክሞት ነበር፤ ደግሞም በዚያ ዓይኗ ቀጥ ብላ እያየችው ነው።

«አባትሽ እኛ ቤት በመጡ ዕለት» አላት።

ሙኒያ እያንዳንዷን ቀን መልሳ ስትረግጣት ከፊቷ ላይ ይታየዋል።

«የአባዬን እግር ስስም በር ላይ ቆመህ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«በልጄ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ ስል ትሰማ ነበር።»

«እሰማ ነበር።»

«ከዚያም ወዲህ ሦስት ሳምንት፣ ስግደት ላይ ወድቄ ማረኝ ስል፣ አንተ ጀርባዬን ታሸኝ ነበር። አይዞሽ ትለኝ ነበር።»

ሙኒያ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ በቀስታ ተነሣች። ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ፣ ሳትቆጣ፣ እንደማያውቁት ሰው እጅ በትሕትና አለፈችው።

«መድኃኒቱን ሳታውቅ ነው ያመጣህልኝ» አለችው። «እሱን ዛሬ ባይሆንልኝ፣ ነገ ይቅር እልህ ነበር። ስለወደድከኝ ነው እል ነበር። እዚያ በር ላይ ቆመህ የሰማኸውን ግን ምን ብዬ ይቅር ልበልህ?»

ዓመት ሙሉ ለእሷ የሚጽፈው ቃል ጠፍቶት አያውቅም፤ አሁን ግን አፉን ቢከፍት የሚወጣው ሁሉ ለራሱ የሚለምነው መስሎ ታየውና ተወው። ሙኒያ ወደ አባቷ ገባች። እሱ እዚያው ጓሮ ቆሞ ቀረ። ከተዋወቁ ጀምሮ እንደዚያች ሰዓት ወድዷት አያውቅም፤ ተከትሏት ለመግባትም እንደዚያች ሰዓት አፍሮ አያውቅም።